የማንም ያልሆነ ውሃ

ፀዳለ ወልደ ሚካኤል ከቆቦ በታች ባለው ሜዳ እየዞረች በጠርሙስ ውሃ መቅዳት የጀመረች ጊዜ፣ ሰዉ ጠበል የምትሰበስብ መስሎት ነበር። ጠርሙሶቿ ጥቁር ናቸው፤ በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ተኝተው ነው የሚጓዙት። ባጃጁ በኮረኮንቹ ላይ ሲያንገጫግጫት ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። «ኧረ ፀዲ፣ የኛ ውሃ ነው እንዲህ የሚታቀፈው?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። የዚያው ሜዳ ልጅ ናትና ቀልዳቸው አይከፋትም፤ እንዲያውም የማይቀልዱባት ቀን ነበር የሚከፋት።

አባቷ ወልደ ሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ማለት ከተራራው ሥር ተጠልፎ በቦይ የሚወርደውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያድል፣ ሲጣሉ የሚዳኝ፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ ሰው ነው። እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ተምራ ተምራ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነች። ለሦስተኛ ዲግሪሽ የምታጠኚውን ምረጪ ሲሏት፣ ጓደኞቿ ስለ ትልልቅ ከተማ ፋብሪካ ሲያስቡ እሷ የአባቷን ቦይ መረጠች። ሞኝ አትበሏት፤ የምታውቀው ነገር ነበራት።

የምታውቀው ይኼ ነው። የራያ ቆላ ሽንኩርት ያበቅላል። የሽንኩርቱ ሥር መበስበስ ሲጀምር ገበሬው ቴትራሳይክሊን የሚባለውን የሰው መድኃኒት ከገበያ ይገዛል፤ እንክብሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን ከፀረ ተባዩ ጋር መርጫው ውስጥ ይበጠብጥና በጀርባው አዝሎ ሲረጭ ይውላል። ማን እንዳስተማረው እግዜር ይወቅ። ዶሮ ሲያስነጥሳት ያው እንክብል ነው፣ የበሬ ጫንቃ ሲመግል ያው ነው፣ ልጅ ሲያስቀምጠውም ያው ነው። «መድኃኒቱ በየውሃው፣ በየአፈሩ ትንሽ ትንሽ ሲገባ ጀርሞቹ ይለምዱታል» ትላለች ፀዲ ለሚሰማት ሁሉ። «ከለመዱት ወዲያ የእውነት የታመማችሁ ቀን ብትውጡት አይሠራም።» ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጎበዝ ልጅ ናት ይላል፣ ከዚያ ሄዶ ያንኑ እንክብል ይገዛል። ወይ ጣጣ!

በቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰፈር ጭራ ይባላል። የፀዲ እናት ጌጤና ታናሽ ወንድሟ ጌታሁን የሚኖሩት እዚያ ነው። ከጦርነቱ በፊት ጭራ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚወጣ ንጹሕ ውሃ ነበራት። ጦርነቱ ሲያልፍ ሞተሩም አብሮ አልፎ ነበር፤ ማን ወሰደው ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። አመለከቱ፣ ተመላለሱ፣ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቧንቧውን አንኳኩቶ ሄደ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ የጭራ ሴቶች ቆቦ ዳርቻ ድረስ እየወጡ በቢጫ ጀሪካን ውሃ አዝለው ይወርዳሉ። ያንን መንገድ በዚያ ፀሐይ የሄደበት ሰው ያውቀዋል።

ከሚያዝሉት አንዷ ራሔል ናት፣ የጌታሁን ሚስት። የወንድሟ ሚስት ከመሆኗ በፊት ግን የፀዲ ጓደኛ ነበረች። ቆቦ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቋጠሮ ቆሎ ተካፍለው ነው ያደጉት። ፈተና ነውና ፀዲ ስታልፍ ራሔል ወደቀች። ወድቃም አልተቀየመች፤ «በይ አንቺ ለሁለታችንም ተማሪ፣ እኔ ለሁለታችንም እወልዳለሁ» ብላ ስቃ አገባች። ቀልድ ነበር፤ መውለዱ ግን እምቢ አላት። የመጀመሪያው ፅንስ ከቆቦ ስትመለስ፣ ጀሪካኑ ከጀርባዋ ሳይወርድ መንገድ ላይ ወረደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ፀዲ ይህን በስልክ የሰማች ዕለት ክፍል ገብታ ማስተማር አቅቷት ተማሪዎቿን አሰናብታለች።

ራሔል ለሦስተኛ ጊዜ ስታረግዝ ነው እንግዲህ ጥያቄው የመጣው። ፀዲ ውሃ ልትቀዳ መጥታ እናቷ ቤት አርፋለች። ጋሽ አያሌው፣ ከአባቷ በኋላ የውሃ አባት የሆኑት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ፀዲ፣ መቼም ይኼን ውሃ ስትቀጂ ሁለት በጋ ሆነሽ» አሉ። «እስቲ አንድ ነገር ንገሪን። የቦዩ ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?»

«ጋሼ፣ ጥናቱ እኮ ገና አላለቀም።»

«ጥናት መች ያልቃል! ሴቶቹ ናቸው እያለቁ ያሉት። ሽንኩርቱ ደጃችን ላይ እየጠጣ እኛ ቆቦ ድረስ?»

ራሔል ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና አላለችም። ሆዷ ገና መግፋቱ ነው።

ደግሞ ልትዋሽ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ውጤቱን ታውቀዋለች። ከቦዩ የቀዳችው ውሃ ውስጥ የመድኃኒቱም የፀረ ተባዩም ርዝራዥ አለ፤ ግን ከፈራችው እጅግ ያነሰ፣ ያሰጋል ከሚባለውም ልክ በታች ነው። ጀርሞቹንም በብርጭቆ ሳሕን ላይ አብቅላ፣ በመድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች መሀላቸው አስቀምጣ አይታለች። መድኃኒቱ ከሠራ ጀርሙ ከወረቀቱ ይሸሽና ዙሪያውን ባዶ ቀለበት ይተዋል። ሰፊ ሰፊ ቀለበት ነበር ያየችው።

«በመድኃኒቱ በኩል አያሰጋም» አለች። «ግን ቀቅላችሁ ነው የምትጠጡት። እንዲሁ እንዳትጠጡት።»

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ አያሌው ከመቀመጫቸው እየተነሡ።

«ቀቅላችሁ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። እንቀቅላለን፤ ለምን አንቀቅልም?»

በምን እንደሚቀቅሉት ግን አልተናገሩም፣ እሷም አልጠየቀች። ሜዳው ላይ እንጨት እንደሌለ፣ ያለችዋ ጭራሮ ለወጥም እንደማትበቃ እዚያው ያደገች ልጅ ታጣዋለች? አላጣችውም። ግን ራሔል ምስሩን ትታ ቀና ብላ እያየቻት ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ዓይን አይቶ «እስቲ ቆዩ» የሚል ሰው ካለ እሱ ይፍረድባት።

ሌላም ያልጠየቀችው ነገር አለ፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ፀዲ ውሃ የምትቀዳው ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው። የገበሬው ተራ የሚለወጠው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ርክክብ ይሉታል። ርክክብ ላይ ደግሞ ሴት አትቆምም። ወንዶቹ ቦዩ ውስጥ ገብተው ስለሚታጠቡ ነውር ነው፤ የውሃ አባት ልጅ ሆና በዚያ ሰዓት ፊቷን አዙራ ነው ያደገችው። ከሌላ አገር የመጣ ተመራማሪ ቢሆን ነውሩን ስለማያውቅ ጠርሙሱን ይዞ ዘው ይል ነበር። እሷ ግን ጨዋ ናት፤ ርክክቡ አልቆ፣ ወንዶቹ ለብሰው ከሄዱ፣ ውሃውም ጠርቶ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው የምትመጣው። ጨዋነቷ ነው ጉድ የሠራት።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጭራ ደግሞ በሷ ቃል ተነሥታ በቦዩ ጫፍ ላይ የሲሚንቶ ገንዳ ሠራች። አሸዋው በአህያ፣ ድንጋዩ በትከሻ ተጋዘ፤ ሽማግሌው ሳይቀር ጭቃ አቦካ። ገንዳው ያለቀ ቀን ራሔል ደወለች። «ፀዲዬ! ከእንግዲህ ቆቦ የምወጣው ለገበያ ብቻ ነው! እግሬን አጥፌ ልወልድልሽ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ከጀርባዋ የሌሎቹ ሴቶች እልልታ ይሰማል። ፀዲ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን አለቀሰች፤ የደስታ ነው። ገንዳው በየትኛው ውሃ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሞላ መጠየቅ ግን በሐሳቧም ውል አላለ። ሁለት ወር ያህል ቀቀሉት፤ ከዚያ ጭራሮው አለቀና እንዲሁ መጠጣት ጀመሩ።

ራሔል በመጋቢት ወለደች። ሴት ልጅ፣ ጤና ጣቢያ፣ በሰላም። ጌታሁን በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አራሷን ትኩሳት ያዛት። ጎረቤቱ ምች ነው አለ፤ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ጠጣች። ሲብስባት ጌታሁን ከሽንኩርቱ የተረፈ እንክብል ቤት ውስጥ ፈልጎ አስዋጣት፤ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው እሱን ነው። ጤና ጣቢያው መርፌ ወጋት። ሰውነቷ ግን እንደ እሳት መንደዱን አልተወም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። ፀዲ ሥራዋን ጥላ እዚያው ደረሰች።

የያዛት ሐኪም ዶክተር ኤፍሬም ይባላል፤ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ወጣት ነው። የራሔልን ደም አስመርምሮ ነበር። ፀዲ ምን እንደምታስተምር ሲሰማ ኮሪደር ላይ አቆማትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት።

«ኢንፌክሽኑ ከማሕፀኗ ተነሥቶ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ያለንን መድኃኒት ሁሉ ሞከርን፤ ጀርሙ አንዱንም አይፈራም።»

«አንዱንም?»

«አንዱንም። የሚሠራላት አንድ መርፌ ነው የቀረው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም። አዲስ አበባ ከተገኘ ግን ይሞከራል።»

ይህንን ነገር ለተማሪዎቿ ስንቴ አስተምራዋለች፣ በስብሰባ ላይ ስንቴ ተናግራዋለች፣ ተጨብጭቦላታል። አሁን ከሐኪም አፍ ስትሰማው ግድግዳውን ይዛ ቆመች። በበሩ ስንጥቅ የራሔል እግር ይታያታል። ከአንሶላው ወጥቶ ይንቀጠቀጣል።

ጌታሁን እየሮጠ መጣ። «እታለም፣ ምን አለሽ?» ነገረችው። አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። «አንቺ የተማርሽው ይኼንኑ አይደል እንዴ? ታዲያ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻላት ንገሪያቸው እንጂ! ምን ትቆሚያለሽ?» አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ዘንድ ደወለች፤ ጓደኛዋም ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት መዞር ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው።

እየጠበቁ ሳለ ጌታሁን ለወሬ ያህል ነገሩን አወጣው። ዝምታው ጨንቆት ነው እንጂ አስቦበትም አይደለም።

«ውሃ እንኳ ደህና ነበር የምትጠጣው» አለ። «ገንዳውን በርክክብ ነው የምንሞላው። የማንንም ተራ አንነካም።»

«በርክክብ ማለት?»

«ያው አንዱ ታጥቦ ሲወጣ፣ ሌላው ወደ ማሳው እስኪመልሳት ድረስ ያለችዋ ውሃ የማንም አይደለችም። እሷን ለገንዳው ሰጠናት። ማን ተራውን የሚሰጥ መስሎሽ ነው?»

ፀዲ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ታጥቦ ስትል ምኑን ነው የሚታጠበው?»

«እግሩን ነዋ። አካፋውን፣ መርጫውን። ከብት ያለውም ከብቱን ያጥባል። ሳይታጠቡማ ምን ርክክብ አለ?»

ወንድሟን አየችው። ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም፤ ለሰፈሩ ደህና መላ የመታ ሰው ፊት ነው ያለው። የጋራ እጣቢያቸውን ነው ሲጠጡ የከረሙት፤ ደግሞም በሷ ቃል።

ማንንም ሳታማክር ቆቦ ገባች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን ባዞረችበት ቦታ ላይ ጠርሙሶቿን ይዛ ቆመች። «ኧረ ሴትዮ! ምን ነካት ይቺ!» እያሉ ወንዶቹ ጋቢያቸውን መሰብሰብ ያዙ። አልሰማቻቸውም። አንዱ መርጫውን ገልብጦ ሲያለቀልቅ ውሃው ነጭ አረፋ ደፍቆ ወረደ። ሌላው ጫንቃው የመገለ በሬ አስገብቶ ቁስሉን በመዳፉ አጠበለት፣ እያባበለም ያናግረዋል። ያ ሁሉ ተያይዞ ሄዶ ገንዳው ውስጥ ገባ። ከዚያ የታጠበው ገበሬ ተከታዩን በስሙ ጠርቶ መረቀውና ሄደ። ፀዲ ቀዳች፤ ከቦዩም ከገንዳውም።

ከዚህ ውሃ ያበቀለችባቸው ሳሕኖች ገና በዩኒቨርሲቲዋ ላቦራቶሪ ማሞቂያ ውስጥ ሳሉ ራሔል ሞተች። መርፌው ተገኝቶ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ነበር፤ መንገድ ላይ ነበር።

ፀዲ ከቀብሩ በፊት ሳሕኖቹን አወጣቻቸው። ቀለበት የሚባል የለም። ጀርሙ ወረቀቶቹን ተጠግቶ፣ አንዳንዶቹንም ላያቸው ላይ ወጥቶ፣ ምንም እንዳልነካው በቅሏል። ዶክተር ኤፍሬም ዘንድ ደወለች። «ከዚህ ውሃ ነው፣ አይደል?» አለችው። እሱም ጨዋ ልጅ ነው፣ ሊዋሻት አልፈለገም። «ከውሃው ሊሆን ይችላል። ከጤና ጣቢያውም፣ ከኛው ከሆስፒታሉም ሊሆን ይችላል። በርግጠኝነት የሚነግርሽ ሰው አታገኚም» አላት። ይኼ ከሁሉ ባሰ። ገደልኳት ብላ አልቅሳ እንዲወጣላት አልሆነም፤ አልገደልኳትም ብላ እንድትጽናናም አልሆነም። ስንት ዓመት የለፋችበት ትምህርት ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ አጣላት።

በሰልስቱ ጭራ በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ተሰብስቧል። ፀዲ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ቆመች። በለቅሶ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ከገንዳው አትጠጡ» አለች። «ይጠጣል ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው። እኔ የመረመርኩት የረፋዱን ውሃ ነው፤ እናንተ የምትጠጡት የርክክቡን እጣቢ ነው። ያ ውሃ ውስጥ ያለው ጀርም መድኃኒት አይገድለውም። ስለ ማርያም ብላችሁ አትጠጡ!»

አንዷ ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። «እኔን! አብሮ አደጓ እኮ ናት» አለች አንዷ። «ራሔልንማ ምች ነው የመታት፤ በአራስነቷ ወጣ ወጣ ስትል» አለች ሌላዋ። ጋሽ አያሌው እንባቸውን ጠርገው በርኅራኄ አዩዋት።

«ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። ያኔ በደህናው ልብሽ የነገርሽንን ይዘናል። አንቺን ማንም አይወቅስሽም፤ ተቀመጪ በይ።»

«እሺ ቢያንስ በርክክብ መርጫችሁን አትጠቡ!»

ይኼን ጊዜ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «እሱ አይሆንም። ታጥቦ የወጣ ሰው ተመልሶ ውሃ አይነካም፤ ሕጋችን ነው። አትታጠቡ ካልን ማን እንደወጣ ማን እንዳልወጣ በምን እናውቃለን? አንቺ ሳትወለጂ በዚህ ቦይ ላይ ሰው በአካፋ ተጋድሏል። መታጠቡን የደነገገልን አባትሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ደም አልፈሰሰም።»

አባቷ! በአባቷ ጊዜ የሚታጠበው እግርና አካፋ ነበር፤ መርጫ የሚባል ነገር በሜዳው ላይ አልነበረም። ይህን ልታስረዳ ብትሞክር ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ የሞተ ሰው ሕግ የምትሽር ነው የመሰላቸው። «እንግዲያው ገንዳውን ረፋድ ላይ፣ ከአንዳችሁ ተራ ሙሉት» አለች። ሽንኩርቱ ጥም ላይ ነው፤ በዚህ ወር ተራውን የሚሰጥ ገበሬ ማን አለ? ጌታሁን ብቻ ከመደቡ ላይ ሆኖ «የኔ ተራ ሲደርስ እኔ እሰጣለሁ» አለ። የሱ ተራ የሚደርሰው ከፋሲካ ወዲያ ነበር። ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ በንቀት ሳይሆን የእውነት፣ «ከዚህ ካልጠጣን ታዲያ ከየት እንጠጣ?» ብሎ ጠየቃት። ፀዲ ተቀመጠች።

ራሔል የተወቻት ልጅ ገና ክርስትና አልተነሣችም። አያቷ ጌጤ ናት የያዘቻት። የምትጠጣው የዱቄት ወተት ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ በውሃ ነው የሚበጠበጠው። ፀዲ ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ከጎረቤት ጀሪካን ተውሳ ቆቦ ወጣች። ሰኞ ወደ ሥራዋ መመለስ አለባት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ሊያዝል ነው የሚለውን ላለማሰብ ጠንክራ ሄደች። ወረፋው ረጅም ነበር። ስትመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ገመዱ ትከሻዋን ልጦታል። ራሔል ሁለት ጊዜ ፅንስ የወረደባትን መንገድ እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭነት ይዛ ሄደችበት።

ቤት ስትገባ ሕፃኗ ተኝታለች። ጡጦው ባዶውን አጠገቧ ተጋድሟል።

«ጠጣች እንዴ?»

«ጠግባ ተኛችልሽ» አለች ጌጤ።

«በየትኛው ውሃ?»

ጌጤ የሕፃኗን ልብስ አስተካከለች።

«እማ፣ በየትኛው ውሃ?»

«አለቀሰች እኮ ልጄ። እናት የላት፣ ጡት የላት፤ አንቺ እስክትመጪ ሆዷ ይተርተር? ደግሞ ቀቅዬዋለሁ።»

«በምን እንጨት?»

ጌጤ መሬት መሬቱን አየች። ፀዲ ጀሪካኑን እንዳዘለች መደቡ ላይ ዘፍ አለችና በቀብሩ ቀን እንኳ ያልወጣት ጩኸት ወጣት። «ገደልኳት፣ እማ! ራሔልን በአፌ ገደልኳት! ይቺንም ልገድላት ነው! ሁላችሁንም ልጨርሳችሁ ነው!»

ጌጤ ገመዱን ከትከሻዋ ፈታች፣ ጀሪካኑን አወረደችላት፣ ፊቷን በእጇ ጠረገችላት። ስለ ሳሕኑም ስለ ቀለበቱም አታውቅም፤ የምታውቀው ልጇ በጸጸት እየነደደች መሆኗን ነው። እናት ናትና ይህን ቁጭ ብላ ማየት አልቻለችም። ተነሥታ ሄዳ ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ጣሳ ሞላችና ልጇ ፊት ቆመች።

«እይኝ እስቲ» አለቻት። «በሠራሽው የምፈርድብሽ ብሆን ይኼን እጠጣዋለሁ? አንቺ አልተሳሳትሽም። ውሃው ደህና ነው። ራሔልን የወሰዳት እግዜር ነው፣ አንቺ አይደለሽም።»

«እማ! በማርያም! አትጠጪው!»

ጌጤ ልጇን እያየች፣ በፍቅር ፈገግ ብላ፣ እስከ ሥሩ ጠጣችው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና፣ ልጇ ማልቀሷን እንዳላቆመች ስታይ፣ ሌላ ልትሞላ ጎንበስ አለች።